አቶ እንግዳወርቅና የኋላ መስታወት መጥረጊያዬ

በአገራችን መኪና ተበላሽቶ ብቻውን የሚቆምበት ቦታ የለም። ከተማ ውስጥ ይቁም፣ ወፍ ዝር በማይልበት ጫካ መሐል ይቁም፣ ሹፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ሳይከፍት አጠገቡ የሚደርስ አንድ ሰው አለ። ከየት እንደመጣ አይጠየቅም። ይህ ሰው መኪና የለውም። መንጃ ፈቃድ የለውም። መሪ ጨብጦም አያውቅም። ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ቅንድቡን ከሰበሰበ በኋላ የበሽታውን ስም ይናገራል። አንዴ ከተናገረ ደግሞ ይግባኝ የለም።

ሌላው ከተማ እንዲህ ያለውን ሰው ከመንገደኛ መሐል በዕድል ነው የሚያገኘው። እኛ ግን ቋሚ ነዋሪ አድርገን ይዘነው ነበር። በመንግሥት ማኅተም ሀገረ ሕይወት፣ በገበያተኛው አፍ አምቦ በምትባለው ከተማችን፣ ከገበያው ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ነበራቸው፤ ስማቸው አቶ እንግዳወርቅ ይባላል። እኔ በበኩሌ “የሀገረ ሕይወትና የአካባቢዋ ተሽከርካሪዎች ጠቅላይ ሐኪም” ብዬ ሾሜያቸው ነበር። ሹመቱን የሰማ ሁሉ ሳቀ እንጂ የተቃወመ አልነበረም።

ጠቅላይ ሐኪሙ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት በጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበሩ። የከተማችን የክረምት ጭቃ የሰው ጫማ ነጥቆ ያስቀራል፤ የእሳቸው ጫማ ግን በሐምሌም ያብረቀርቅ ነበር። ምስጢሩ ጭቃ ያለበትን ቦታ አለመርገጣቸው ነው። የታመመ መኪና ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ ድንጋይ ይፈልጋሉ፤ ድንጋዩ ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ ሆነው በጥቁር ጃንጥላቸው ጫፍ እየጠቆሙ ያዛሉ። “ያንን ፍታ። አይደለም፣ ከጎኑ ያለውን።” እጃቸው ብረት ነክቶ አያውቅም። አንድ ቀን ይህንኑ ባነሳባቸው፣ “ዳኛ ራሱ ይገርፋል እንዴ?” ብለው ዘጉኝ።

አንድ አባባል ነበራቸው፤ ከተማው በሙሉ በቃሉ ይዞታል። ሹፌሩ “ጎማው ነው” ቢል፣ “ባትሪው ነው” ቢል፣ ጠቅላይ ሐኪሙ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ “ያ ምልክቱ ነው፤ በሽታው ሌላ ነው” ይላሉ።

ኦቦ ሞቱማ የሚባሉ የጭነት መኪና ባለቤት ከጭልሞ ደን ግንድ ጭነው ሲመጡ ከከተማው መግቢያ ዳገት ላይ ቆሙ። ጠቅላይ ሐኪሙ ደረሱ፣ ድንጋይ ፈለጉ፣ አዳመጡ። የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ሞተሩ ጠፍቷል። ቢሆንም ካርቡራተሩ ነው ብለው ፈረዱ። ካርቡራተሩ ተፈታ፣ ታጠበ፣ በጨርቅ ላይ ተሰጣ። ጸሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ አንድ መንገደኛ የነዳጁን ጋን በዱላው ኳ ሲያደርገው ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ኦቦ ሞቱማ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። “ዱጋ? እውነት ነው? ኦቦ እንግዳወርቅ፣ ነዳጅ ነው እኮ ያለቀው!”

“ነዳጅ ማለቁ ምልክቱ ነው” አሉ ጠቅላይ ሐኪሙ ሳይደነግጡ። “በሽታው ሌላ ነው።”

“ምንድን ነው በሽታው?”

“ችኮላህ!”

ኦቦ ሞቱማ ይህን ታሪክ ከጉደር እስከ አዲስ አበባ በየምግብ ቤቱ እየተረኩ ሰውን በሳቅ ገደሉት። የሚገርመው ግን፣ ከዚያ በኋላ መኪናቸው ባጉረመረመች ቁጥር በአቶ እንግዳወርቅ በረንዳ በኩል ሳያልፉ አይሄዱም ነበር።

የአንዲት ጎረቤታችን ሰርግ ደግሞ አለ። የሙሽሮቹ መኪና ክላክስ ተጣብቆ አልቆም ብሎ ሲጮህ፣ ጠቅላይ ሐኪሙ ከእድምተኛው መሐል ተነሥተው አንዲት ቀይ ሽቦ በጃንጥላቸው ጠቆሙና እንድትቆረጥ አዘዙ። ተቆረጠች። ክላክሱ እንደጮኸ ቀረ፤ ሞተሩ ግን ጠፋ። ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው፣ የምትጮህ መኪና እየገፉ ሙሽሪትን ቤተ ክርስቲያን አደረሷት። ጠቅላይ ሐኪሙ በእግራቸው አጠገብ አጠገቧ እየሄዱ፣ “አያችሁ? ሽቦዋ የሞተሩ ነበረች ማለት ነው” ይሉ ነበር።

እኔ በጠባዬ ሰው ሲያስተምረኝ የማልወድ አስተማሪ ነኝ። የሒሳብ አስተማሪ። ስለዚህ አቶ እንግዳወርቅን ሳይ ቶሎ ይመረኛል። “ሰዉ ለምን ይጠይቃቸዋል?” ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው፤ መኪናው የቆመበት ሰው መድኃኒት ከማግኘቱ በፊት የሚፈልገው ብቻውን አለመሆንን ነው። ጭቃ መሐል ቆመህ፣ መንገዱ ረጅም ሆኖ፣ አንድ ሰው መጥቶ አብሮህ ቆሞ የጭንቅህን ስም ሲጠራልህ፣ ስሙ የተሳሳተም ቢሆን ትንሽ ይቀልሃል። እኔ ግን ይህን የደረስኩበት ዘግይቼ ነው፤ የደረስኩበትንም ምክንያት ልንገራችሁ።

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ላይ ስቴሽን ዋገን መኪና ገዛሁ። መኪናዋ ያረጀች ናት፤ በሯ ሲዘጋ ትቃትታለች። ነገር ግን በመላው ምዕራብ ሸዋ እኔ እስከማውቀው ድረስ የሌላ ሰው መኪና ያልነበረው ነገር ነበራት፤ የኋላው መስታወቷ የራሱ የዝናብ መጥረጊያ አለው። ዝናብ ሲጥል ሕፃናት ከኋላዬ እየሮጡ እጃቸውን ያውለበልቡላታል፤ መጥረጊያዋ ሰላም የምትላቸው መስሏቸው። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደመና ባየሁ ቁጥር መኪናዬን ይዤ መውጣት ያምረኝ ነበር።

ጠቅላይ ሐኪሙ ይህን መጥረጊያ መጀመሪያ ያዩ ቀን ፊታቸው ጠቆረ። የማያውቁት ነገር ነበርና። ዞረው ዞረው ካዩት በኋላ፣ “ይሄ ትርፍ ነገር ነው” አሉ።

“እንዴት ትርፍ ይሆናል?”

“የሚሄድ መኪና ከኋላው አይዘንብበትም። ዝናቡን ጥሎት ይሄዳል።”

ከዚያ ቀን በኋላ እኔም እሳቸውም ስለ መጥረጊያው አላነሣንም።

አሁን ወደ ፀዳለ ልምጣ። ፀዳለ ደግፌ የትምህርት ቤታችን የአማርኛ አስተማሪ ናት፤ ወጣት፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። የምትኖረው በአቶ እንግዳወርቅ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። ተከራይ ይሏታል እንጂ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰፋሽ እንደ ልጃቸው ነው የያዟት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጓት አባቷ ብቻ ናቸው። አቶ ደግፌ ጊንጪ የሚኖሩ የጭልሞ ደን ጠባቂ ነበሩ። ልጅ ሳለች ጠዋት ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ደኑ ይዘዋት እንደሚገቡ፣ የዛፉን ሁሉ ስም እንዳስተማሯት ደጋግማ ነግራኛለች።

በስልሳ አራት፣ ሰኔ ሲገባ፣ አንድ አርብ ቀን ከጊንጪ የመጣ ነጋዴ “አባትሽን ትንሽ አመም አድርጓቸዋል” ብሎ መልእክት አደረሳት። በማግሥቱ ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ስንወጣ እኔው በመኪናዬ እንደማደርሳት ቃል ገባሁላት። ማታውን አልተኛችም መሰለኝ፣ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ነበር። “በሕይወት ልድረስባቸው እንጂ ሌላ ነገር አልፈልግም” አለችኝ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መኪናዬን ወደ አቶ እንግዳወርቅ ግቢ አስገብቼ ዕቃዋን ጫንን። ለሆዳቸው ይስማማቸዋል ብላ አንድ ሣጥን የአምቦ ውሃ ገዝታለች። ዝናቡ ጀመረ። ሞተር አስነሣሁ። የፊቱን መጥረጊያ ለቀቅሁ፣ የኋላውንም ለቀቅሁ። የኋላው ግማሽ መንገድ ወጣና በዚያው ደርቆ ቀረ። የመጥረጊያው ሞተር ውስጥ ውስጡን ሲዞር ይሰማል፤ ክንዱ ግን አይንቀሳቀስም። ከፋኝ፤ ነገር ግን ለዚህ ብዬ የምቆም ሰው አልነበርኩም። ማርሽ አስገባሁ።

በዚህ ጊዜ አቶ እንግዳወርቅ ከቴሌፎን ቤቱ አቅጣጫ እየሮጡ መጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ዝናቡ እየወረደባቸው ጃንጥላቸው ብብታቸው ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው። የግቢው በር ላይ ደርሰው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙና መጀመሪያ ፀዳለን፣ ቀጥሎ መኪናዋን፣ ቀጥሎ የቆመውን መጥረጊያ አዩ።

“ይሄ መኪና ዛሬ አይሄድም” አሉ።

“ምን ሆነ ደግሞ?” አልኩ ራሴን በመስኮት አውጥቼ።

“መጥረጊያው ቆሟል።”

“የኋላው ነው እኮ አቶ እንግዳወርቅ! ከኋላ አይዘንብም ያሉት እርስዎ አይደሉም?”

“ያኔ ይሠራ ነበር” አሉ። “አሁን ግን ቆሟል። መቆሙ ምልክቱ ነው፤ በሽታው ሌላ ነው። ኮንታክት አለው። ሽቦው ውስጥ ውስጡን እየተቃጠለ ነው። ይህችን ልጅ ይዘህ ሳንኪሶ... ሳንኪሶ ሳትደርስ በእሳት ልትያያዝ ትችላለህ።”

ሳንኪሶ የሚባል ቦታ በመንገዳችን ላይ የለም። እሳቸው በሕይወታቸው የቦታ ስም ተሳስተው አያውቁም፤ እኔ ግን ተናድጄ ስለነበር ይህን ልብ አላልኩም።

“አጥፋው” አሉ። ድምፃቸው የዳኛ ድምፅ ሆነ። አጠፋሁት።

ከዚያ ምርመራው ጀመረ። ፊውዝ ይታይ አሉ፤ አወጣሁት፣ ደህና ነው። ደህና መስሎ ነው አሉ፤ በሌላ ተቀየረ። መጥረጊያው አልተንቀሳቀሰም። የኋላው በር ይከፈት፣ ሽፋኑ ይነቀል፣ ሽቦው በማጠፊያው በኩል የሚያልፍበት ቦታ ይታይ አሉ። ካቻቢቴ ፈልጌ ሽፋኑን ነቀልኩ። ሽቦው ደህና ነው። ባትሪው ይነቀል አሉ። ባትሪ ከኋላ መጥረጊያ ጋር ምን አገናኘው ስላቸው፣ “አንተ ሒሳብ አስተማሪ ነህ፤ ሁሉም ነገር ከአንድ ይጀምራል ትሉ የለም?” አሉ። ባትሪው ተነቀለ።

ፀዳለ መጀመሪያ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ከዚያ ወርዳ በረንዳው ላይ ቆመች። አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ መንገዱን ታያለች። በመጨረሻ ቦርሳዋን አንሥታ መጣች።

“ጋሽ ሀብቴ፣ እርስዎ አይጨነቁ” አለችኝ። “አውቶቡስ አያመልጠኝም፤ በአውቶቡስ ልሂድ።”

“በየትኛው አውቶቡስ?” አሉ አቶ እንግዳወርቅ ቀድመውኝ። “የዛሬው አውቶቡስ ፍሬን የለውም። ጠዋት ሲያልፍ ድምፁን ሰምቻለሁ። በዚያ ቁልቁለት! በፍጹም!”

“ጋሼ፣ አባቴ ታመዋል እኮ።”

“አውቃለሁ የኔ ልጅ።”

“ቴሌፎን ቤት ነበሩ አይደል? ከጊንጪ የተሰማ ነገር አለ?”

አቶ እንግዳወርቅ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት። “መስመሩ ተበላሽቷል” አሉ። ቀጥለውም፣ ድንጋይ ሳይፈልጉ፣ በዚያ በተተኮሰ ኮት፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ጭቃው ላይ በጉልበታቸው ተንበረከኩና እስከ ወገባቸው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ከውጭ የሚታየው እግራቸው ብቻ ሆነ።

እኔ ደሜ ፈላ። ይህች ልጅ አባቷን በሕይወት እንዳታገኝ የሚያደርጋት የአንድ ሰው አላዋቂነት ነው አልኩ በልቤ። ከዛሬ በኋላ ብንጣላም እንጣላ ብዬ እኔም በሌላው ጎን ከመኪናዋ ሥር ገባሁ።

“አቶ እንግዳወርቅ” አልኩ ጥርሴን ነክሼ፣ “እግዚአብሔርን ይፍሩ። ይልቀቁን።”

እሳቸው በጎናቸው ተጋድመው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ጭቃና ዕንባ ተቀላቅሎባቸዋል።

“አባቷ አርፏል” አሉ በሹክሹክታ። “ጠዋት ነው ያረፈው። አጎቷ ውባየሁ ደወለ። ቀብሩ ነገ ነው።”

ክርኔን ተደግፌ ወደ እሳቸው ተጠጋሁ።

“ማታ በመጨረሻው አውቶቡስ ራሱ ይመጣል። ሌሊቱን ጎረቤት ተደብቆ አድሮ፣ ነገ ማለዳ በወጉ እንነግራታለን። እስከዚያ ይዛችሁ አቆዩልኝ አለኝ። ምን ብዬ ላቆያት? እኔ የማውቀው ይህንኑ መኪና መመርመር ነው!”

አገር የሚያውቀው ነው፤ መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ሰው ማታ እህል ቀምሶ ይደር፣ ዓይኑ ትንሽ እንቅልፍ ይያዝ፣ ዘመድና ሽማግሌ ይክበበው ተብሎ ነው። መንገድ ላይ አይነገርም። ድንኳን አይቶ እንዲያውቀው ማድረግማ ጭካኔ ነው። እኔ ግን በዚያች ልጅ ላይ ይህንኑ ላደርግ ሞተር አስነሥቼ፣ ማርሽ አስገብቼ ነበር።

“የእኔ እናት የሞተች ጊዜ ነቀምት በሥራ ላይ ነበርኩ” አሉ። “አንድ ሰው አልነገረኝም። አንድ እንስራ ማር ይዤላት መጣሁ። ከመኪና ስወርድ ድንኳን ተተክሏል፤ ሰው ይላቀሳል። የማን ቤት ነው ብዬ ሰው ጠየቅኩ። የራሴን ቤት፣ ሀብተሥላሴ! የማን ቤት ነው ብዬ ጠየቅኩ!”

ዝናቡ በመኪናዋ ጎንና ጎን ይወርዳል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ “መጥረጊያውስ ምን ሆኖ ነው?” አልኳቸው።

“እሱ?” አሉ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው። “ክንዱን የምታስረዋ ዳዶ ናት የላላችው። ሞተሩ ይዞራል፣ ክንዱ አይከተለውም። ሌላ ምንም የለበትም። ገና ከበር ሳየው ነው ያወቅኩት።”

በኋላ እንዳየሁት እውነታቸውን ነበር። አቶ እንግዳወርቅ በዕድሜያቸው ትክክለኛውን በሽታ ያገኙት በዚያች ቀን ብቻ ነው፤ ያንኑም ከእኔ በቀር ለማንም መናገር አልቻሉም።

ከመኪናዋ ሥር ስወጣ ሌላ ሰው ሆኜ ወጣሁ። ፀዳለ ፊታችንን እያየች በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማለች። ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣ “ፀዳለ፣ እውነታቸውን ነው። ኮንታክቱ ዲናሞውንም ነክቶታል” አልኳት። በክፍል ውስጥ ተማሪ ሲዋሽ ከዓይኑ አውቃለሁ፤ የእኔን ዓይን ግን ወዴት እንደማደርገው ጨነቀኝ። ወዲያው ጎንበስ ብዬ የዲናሞውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ መፍታት ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሹፌር ቢኖር ኖሮ በሕግ ይከሰን ነበር። ጤነኛዋን መኪና ሁለት ሰዎች አጋደምናት። ካንዴላዎቹን አወጣን፣ አየናቸው፣ አንገታችንን ነቀነቅን፣ መልሰን ከተትን። አቶ እንግዳወርቅ ዛሬ ጃንጥላቸውን ጥለው በእጃቸው ይሠራሉ። ፒንሳ አያያዛቸው የሚያሳዝን ነው፤ ጣታቸውን ቆንጥጧቸው ደሙ ሲንጠባጠብ አላዩትም። አንዳንዴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ይሄ ነው! አገኘሁት!” ይላሉ፤ ከዚያ፣ “አይደለም” ብለው ሌላ ነገር መፍታት ይጀምራሉ። እኔም “እስቲ ያኛውን እንየው” እያልኩ አጀባቸው ነበር። እሳቸው ሲያደርጉት የምጠላውን ሁሉ በዚያ ከሰዓት አደረግኩት።

ፀዳለ ከዚያ በኋላ ስለ ጉዞው አንድም ቃል አልጠየቀችም። አውቶቡሱ በዋናው መንገድ ክላክሱን እየነፋ ሲያልፍ እንኳ ቀና አላለችም። ከጭቃው ላይ ጃንጥላውን አንሥታ፣ ጠርጋ፣ ዘረጋችውና ከእኛ በላይ ይዛ ቆመች። እጇ ሲዝል ወደ ሌላው እጇ ታዛውረዋለች። እኔ ተሳክቶልናል አልኩ። ተስፋ ቆርጣ ነገን መጠበቅ ጀመረች ብዬ አሰብኩ።

ሲመሽ ወይዘሮ አሰፋሽ እራት አቀረቡ። ፀዳለ አንድ ጉርሻ እንኳ እምቢ አላለችም፤ ያጎረሷትን ሁሉ በላች። ወይዘሮ አሰፋሽ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ቆዩ፤ ጭሱ ነው አሉ።

ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አቶ ውባየሁ ከጎረቤት መጡ፤ አጭር፣ ጺማቸው የሸበተ፣ ከእህታቸው ባል ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው የኖሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ሳሎኑ ውስጥ በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጥን። ማን ይናገር ሲባል ጥያቄ አልነበረውም። በከተማው ንግግር የሚያውቅ፣ ለማንኛውም ነገር ቃል የማያጣ፣ እሷም እንደ አባት የምታየው ሰው አቶ እንግዳወርቅ ናቸው። ሌሊቱን ሲያጠኑት አድረዋል። ከደጉ ነገር ጀምረው፣ የሰውን ልጅ ሁሉ ዕጣ አንሥተው፣ ቀስ ብለው ወደ አቶ ደግፌ ለመድረስ አስበው ነበር።

ወይዘሮ አሰፋሽ ፀዳለን ክንዷን ይዘው አስገቧት። ነጠላዋን ለብሳለች። መሐል ላይ ባለችው ወንበር አስቀመጧት። አጎቷን አየች፤ ሰላም አላለቻቸውም።

አቶ እንግዳወርቅ ተነሡ። ኮታቸው ጭቃ ስለነካው ጋቢ ለብሰዋል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፤ እንደገና ፈቱት። አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። አንዱ ሽማግሌ ከጎናቸው “በሉ እንጂ” ቢላቸውም አልቻሉም። አርባ ዓመት ሰው የሚናገረውን ሲጽፉ፣ ከዚያ በኋላም ሰውን ሁሉ ሲያስረዱ የኖሩት ሰው አንዲት ቃል አጡ።

ፀዳለ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ እሳቸው ሄደች። የቆሰለ ጣታቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

“ይበቃል ጋሼ፤ አይልፉ” አለች። “ትናንት ጭቃው ላይ ሲንበረከኩ ነግረውኛል።”

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። ቤቱ በሙሉ ተከተላት።

ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ያን ቀን ካወቀች ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት። “መጀመሪያ አስቤ ዝም አላልኩም፤ ድምፅ አጣሁ” አለችኝ። “በኋላ ግን ሁለታችሁን አየኋችሁ። አላዋቂ መስላችሁ፣ ተዋርዳችሁ፣ በዝናብ ስትደበደቡ። አውቄአለሁ ብዬ ልፋታችሁን ላፍርሰው? ደግሞም እስኪነጋ ድረስ አባቴ በሽተኛ ነበሩ። ያችን አንድ ሌሊት እናንተ ናችሁ የሰጣችሁኝ።”

ሰው አላዋቂነቱን ለሌላ ሰው ሲል ይለብሰዋል ብሎ ማን ያስባል? እኔ አቶ እንግዳወርቅን ከዚያ ቀን ጀምሮ እወዳቸዋለሁ። ጠባያቸው አልተለወጠም፤ በሳምንቱ የወፍጮ ቤቱን ሞተር እንዲፈታ አድርገው ከተማው ሦስት ቀን ዱቄት አጥቶ ሰንብቷል። ብዙ ሰው ተናደደባቸው፤ እኔ ከጎናቸው ቆሜ ተከራከርኩላቸው።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ወደ ጊንጪ የሄድነው በዚያችው መኪና ነው። እሳቸውና እኔ የፈታነውን ሁሉ እንደምንም መልሰን ገጥመነው ነበር። አቶ ውባየሁ ከፊት፣ ፀዳለ ከኋላ በወይዘሮ አሰፋሽና በአቶ እንግዳወርቅ መሐል ተቀመጡ። ከተማውን ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ አስነጠሰ። እንደገና አስነጠሰ፤ ከዚያም ከሥራችን የሆነ ነገር ኳ ኳ ማለት ጀመረ። ካንዴላ ይሁን ቺንጊያ እኔ አላውቅም። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። እንዲናገሩ ጠበቅኩ፤ የተሳሳተ ነገር እንኳ ቢናገሩ ደስ ባለኝ ነበር። አቶ እንግዳወርቅ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ለፀዳለ ደረቡላትና፣ ጊንጪ እስክንደርስ ድረስ ዝም አሉ።